ባለቤቱ ያልታወቀ

መዳፍ የምታህል ሃርድ ዲስክ ካፖርቴ ኪስ ሸጉጬ፣
ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ አንዱን ቆሜ አንዱን ተቀምጬ፣
ሳርጀንት ጎዳና ላይ ካለው ከሮሜል ጥገና ቤት
ገባሁ፤ ውጭው ዊኒፔግ ነው፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚረጋበት።

"ሞልታለች" አልኩት፣ ጓንቴን በጥርሴ እያወለቅኩ፤
"ልሰርዝ ብዬ ሦስት ሌሊት እሷው ላይ አፈጠጥኩ።
የሶስና ምረቃ ቪድዮ ሊገባ ቦታ የላትም፤
አጥፊ ስላት 'ፈቃድ የለሽም' ነው፣ ሌላ ቃል አታውቅም።
በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መሳቢያዬ፣
ደጅ ጠኚ ሆንኩ ለገዛ ዕቃዬ!"

ሮሜል ሰካት። ሰማያዊ መብራቷ ብልጭ አለ፤
ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ቋ እያለ ተንከባለለ።
ከዚያ ፎቶው ጎረፈ፦ አሥራ አንድ ሺህ ከምናምን፤
"ማን አነሳው ይህን ሁሉ? ምን ሊሆነው? ለምን?"

ይልቃል ነበር ያነሳው፤ ሥራው ጉዳት መገመት፣
የተጨፈለቀ በር መለካት፣ የረገፈ መብራት መመልከት፣
አጋዘን የመታ ፒካፕ፣ በረዶ ያንሸራተተው ቫን።
የሰው መኪና ስብራት ያወራኝ ነበር እራት ላይ፤
የኔን ጭረት ግን አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ ሲለካ ሳላይ
ሄደ። ልቡ ድንገት ቆመ፣ ፔምቢና አውራ ጎዳና ላይ።

ሮሜል ቀኙን ተጫነ፤ አንድ መስኮት ተከፈተ፣
"ደኅንነት" ወደሚል ገጽ አለፈ፣ ወደ ታች ጎተተ።
"ችግሩ እዚህ ነው" አለኝ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ነክቶ፤
"ባለቤቱን አታውቀውም፤ የኖረበት ኮምፒውተር ሞቶ
ስሙ አብሮ ተቀብሯል፤ የቀረው ቁጥር ብቻ ነው፤
እዪው፦ ኤስ፣ አንድ፣ አምስት፣ ሃያ አንድ፣ ጭራው ማለቂያ የለው።"

እሱ ቃሉን ለዕቃ አለው፤
በኔ ጆሮ ግን ለሰው ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠብኩት ሸሚዝ፣ በጨለማ የምለየው ሳል፣
በቁጥር ተጽፎ፣ "ያልታወቀ" ተብሎ ይነበባል።
ለነገሩ ማሽኗ ምን ዋሸች? እኔስ መች ጠንቅቄ አወቅኩት?
ብቻውን ሲስቅ ምን እንዳሳቀው አንዴ ሁለቴ ነው የጠየቅኩት።

"መፍትሔው ቀላል ነው" አለኝ፤ "ባለቤት መቀየር ነው።"
ሳቅኩ። እንደ እብድ ሳቅኩ፤ ወረፋ የያዘው ልጅ ዞሮ አየኝ፤
"በስንት ቀን?" አልኩት፣ "ማንንስ ሽማግሌ ልላክ?" ግራ ገብቶት አየኝ።
"በደቂቃ። 'በውስጡ ላሉትም ሁሉ' የምትለዋን እንዳትረሺ፤
ስምሽን ጻፊ፣ ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ በያት እሺ።"

ጻፍኩ። አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተሳበ፤
በር በበሩ፣ ጎማ በጎማው፣ በኔ ስም ተመዘገበ።
አሥራ አንድ ሺህ የሰው አደጋ ወረስኩ በአራት ደቂቃ፣
ያለ ኑዛዜ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ጠበቃ።

"በይ እንግዲህ፣ ፈቃዱ ያንቺ ነው" ብሎ ማውዙን ገፋልኝ።
አንዷን ከፈትኩ፣ እንዲያው ዝም ብዬ።
ጥቁር የመኪና በር፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሰረጎደ፤
ሳህኑ ውስጥ አንድ ሰው፣ ፊቱ ተለጥጦ ወደ ጎን የሄደ፣
ካሜራ ይዞ ያጎነበሰ፤
ኮፍያው እኔ የሠራሁት፣ ጆሮው ላይ የተበጠሰ።
እንግዲህ እዚያ ነበር፣ ጉዳቱ መሐል፣ በየበሩ፤
ቀለም ላይ ተጠማዞ፣ ከነኮፍያው፣ ከነብርዱ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ አሁን ደግሞ ሣጥኗ።
ፈቃዱ እጅ ከገባ ወዲያ ነው ለካ ጥያቄው የሚመጣ።
"አዎ" አልኩ።
እሱንም ጭምር።
ሃያ ሰባት ዶላር ከፈልኩ፤ ገመዷን ጠቀለልኩ።

አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ፣ ሞተሩ የጠፋ አሮጌ መኪና፣
በሩ የተጨፈለቀ፤ ውስጡ አንዲት ሴት፣ ሻርፗ የኔ፣ ፊቷ ጠማማ።
ጓንቴን አወለቅኩ።
ጎንበስ ብዬ ለካሁት፦
አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።